ወፎችና ድመት በጓሯችን

ሐኪም ጋራ ከሐረር ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ ተራራ ነው። ከጋራው ላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ በጀጎል ግንብ የታጠረችው ጥንታዊቷ ሐረር ትታያለች። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ማሽላ፣ ቡናና ጫት ያለማሉ። በየጓሮውም የፍራፍሬ ዛፍ አይጠፋም። ዛፍ ካለ ወፍ አለ። እህል ካለ አይጥ አለች። አይጥ ካለች ደግሞ ድመት ታስፈልጋለች።

ገበሬ ሥራ አያጣም። ቢሆንም ማለዳ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ ወይም ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለጥቂት ጊዜ ከጓሮ ቁጭ ማለት መልካም ነው። ይህ ሥራ መፍታት አይደለም። ጸጥ ብሎ የሚመለከት ሰው በጓሮው ውስጥ የሚረዳውን ከሚጎዳው ለይቶ ያውቃል። ሳይለዩ መምታት ግን ወዳጅን መግደል ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ወፎችን እንመልከት። የወፍ ምግብ በአፏ ቅርጽ ይታወቃል። አፏ አጭርና ወፍራም ከሆነ ፍሬ ትፈለፍላለች። አፏ ቀጭንና ሹል ከሆነ ትልና ነፍሳት ትለቅማለች። አፏ ረጅምና ቆልመም ያለ፣ አካሏም በጣም ትንሽ ከሆነ፣ ከአበባ ውስጥ ጣፋጩን ፈሳሽ ትመጣለች። አፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ በል ነው። በሐረር ሥጋ ተራ ከሰው እጅ ሥጋ የሚነጥቀውን ጭልፊት ያየ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል።

ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ጎጆ አንጠልጥሎ የሚሠራውን ቢጫ ወፍ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ ነው። ሣር ሰንጥቆ እንደ ሸማኔ ያስገባል፣ ያወጣል፣ ይቋጥራል። ሲጨርስ ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጠራታል። እሷም ገብታ ትመረምራለች። ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። ያን ጊዜ ወንዱ ጎጆውን አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ይህ ወፍ እህል ይበላል። ነገር ግን ጫጩት ሲፈለፈል ወላጆቹ ትልና ፌንጣ ለቅመው ያበሏቸዋል። ጫጩት ቶሎ የሚያድገው በነፍሳት ነውና። ስለዚህ ያው ወፍ ባንድ ወገን ሲጎዳ በሌላ ወገን ይረዳል ማለት ነው።

ታዲያ እህላችንን የሚጨርሰው የትኛው ነው? ግሪሳ ነው። ግሪሳ ከድንቢጥ የማትበልጥ ቡናማ ወፍ ናት። አንዷ በቀን የምትበላው 10 ግራም ያህል ቢሆን ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ግሪሳ ብቻዋን አትመጣም። አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ማሽላ ላይ ቢያርፍ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ይበላል። መንጋዋ ሲመጣ አንድ ገበሬ በወንጭፍ ብቻ አይችላትም። ጎረቤት ተባብሮ መጠበቅና ለግብርና ባለሙያዎች በቶሎ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ሆኖም በግሪሳ ተናደን በጓሮ ያለውን ወፍ ሁሉ ብንፈጅ ጉዳቱ ወደ እኛው ይመለሳል።

ይህ በሌላ አገር ደርሶ ታይቷል። በ1950 ዓ.ም. በቻይና አገር ድንቢጥ እህል ትበላለች ተብሎ በመላ አገሪቱ ዘመቻ ተደረገባት። ሕዝቡ ወጥቶ ወፎች እንዳያርፉ ድስትና ከበሮ መታ፤ ጎጆዎችን አፈረሰ፤ እንቁላሎችን ሰበረ። ወፎቹ አለቁ። ነገር ግን ወፎቹ ይበሏቸው የነበሩ ነፍሳት በዙና አዝመራውን አጠቁ። በ1952 ዓ.ም. ድንቢጥ ከጠላቶች ዝርዝር ወጣች፤ በቦታዋም ትኋን ገባ። በእነዚያ ዓመታት በቻይና ታላቅ ረሀብ ደርሷል። ረሀቡ ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ የወፎቹ ማለቅም አባብሶታል።

አሁን ወደ ድመት እንምጣ። ድመት ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው በእህል ምክንያት ነው። ሰው ማረስና እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ወደ ጎተራው መጣች። የዱር ድመትም አይጧን ተከትላ መጣች። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ይህም በ1996 ዓ.ም. ለዓለም ተገልጿል።

በጓሯችን ቁጭ ብለን ድመቷን እናስተውላት። ቀን ቀን አብዛኛውን ጊዜ ትተኛለች። ሰነፍ ትመስላለች። ሲመሽና ሊነጋ ሲል ግን ትነሣለች። ዐይኗ በትንሽ ብርሃን ያያል። ጆሮዋ እኛ የማንሰማውን የአይጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። አንዳንድ ሰው «የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም» ብሎ ምግብ ይነፍጋታል። ይህ ስሕተት ነው። ድመት ብትጠግብም ታድናለች። አበው «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ያሉት ይህን አይተው ነው። የተራበች ድመት ግን ርቃ ሄዳ ትቀራለች።

ድመት ጥፋትም አላት። ሆዷን መሬት ላይ አስጠግታ ወደ ወፍ ስትሳብ እናያለን። ያን ጊዜ አንዲት ወፍ ቀድማ ካየቻት ትጮኻለች። ሌሎቹም ተቀብለው ይንጫጫሉ። ይህን ድምፅ መለየት ይጠቅማል። ወፎች ባንድ ቁጥቋጦ ዙሪያ ተሰብስበው ሲንጫጩ እዚያ ድመት፣ ጉጉት ወይም እባብ ሊኖር ይችላል። ልጆች ወደዚያ እንዳይሄዱ መከልከል ነው። ወፎቹን ከድመቷ ለማዳን ደግሞ ጎጆ ባለበት ዛፍ ግንድ ላይ እሾህ ማሰር ይረዳል።

ድመት በቀን ስትተኛ፣ ሌላዋ አይጥ አዳኝም ትተኛለች። እሷም ጉጉት ናት። ጉጉት በብዙ ቦታ መጥፎ ምልክት ናት እየተባለች ትገደላለች። አንድ ልጅ በጓሮ ዛፍ ላይ ጉጉት አየ እንበል።

«አባዬ፣ ይህችን ሟርተኛ በድንጋይ ልምታት?» ይላል።

«ተው ልጄ፣ መጀመሪያ ከዛፉ ሥር ያለውን እይ» ይለዋል አባቱ።

ልጁ ከዛፉ ሥር ድብልብል ነገር ያገኛል። በእንጨት ሲፈለቅቀው ጠጉርና የአይጥ አጥንት ነው። ጉጉት አይጥን ትውጣለች፤ የማይፈጨውን ጠጉርና አጥንት መልሳ በአፏ ትተፋለች። እንግዲህ ጉጉት የጎተራ ዘበኛ እንጂ ሟርተኛ አይደለችም።

አንዲት አይጥ አርግዛ በ3 ሳምንት ያህል ትወልዳለች። ባንድ ጊዜም 6፣ 8 ወይም ከዚያ የሚበልጡ ልጆች ታፈራለች። ከምትበላው እህል ሌላ በሽንቷና በኩሷ የምታበላሸውም ብዙ ነው። ይህን አይቶ ብዙ ሰው መርዝ ያስቀምጣል። መርዝ የበላች አይጥ ግን ወዲያው ላትሞት ትችላለች። ደክማ ስትንፏቀቅ ድመት ወይም ጉጉት ይይዛታል። ያን ጊዜ መርዙ ለአዳኙም ይተርፋል። ድመቷና ጉጉቷ ከሞቱ በኋላ የተረፉት አይጦች የሚፈሩት የለም። ስለዚህ መርዝ ግድ ከሆነ ሕፃን፣ ዶሮና ድመት በማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ። የሞተች አይጥም ቶሎ በጥልቅ ትቀበር።

ድመትን መውደድ ያለ ጥንቃቄ አይሁን። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋል። ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳኛ የለውም።

የሐረር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ከእንስሳት ጋር መኖርን ያውቃሉ። ጅብ እንኳ ገብቶ ጥራጊ እንዲያጸዳ በግንቡ ሥር ቀዳዳ ተትቶለታል። ጅብን አስተውሎ ጥቅሙን ያወቀ ሕዝብ ጉጉትንና ድመትን ለመለየት አያቅተውም። እንግዲህ ድንጋይ ከማንሣታችን በፊት ቁጭ ብለን እንይ።

ለመወያያ
1. በጓሯችሁ ምን ዓይነት ወፎች ይታያሉ? አፋቸው ምን ይመስላል?
2. ጫጩቶቻቸውን ምን ሲያበሉ አያችሁ?
3. በአካባቢያችሁ የአይጥ መርዝ እንዴት ይቀመጣል? ምንስ መሻሻል አለበት?