የጎደለችው ክንፍ የት ገባች?

ክረምቱ አልፎ የጣና ጉብኝት ሲደራ ወደ እኔ ከሚመጡት የጀልባ ሞተሮች የአብዛኞቹ ሕመም አንድ ነው፤ ይሞቃሉ። የጀልባ ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ነው። ውሃውን ስቦ ወደ ላይ የሚልከው በሞተሩ እግር ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፓምፕ ነው፤ በፓምፑ ውስጥ የምትሽከረከረውን ባለ ክንፍ ጎማ ኢምፔለር እንላታለን። ሞተሩ ሲሠራ ከጀርባው የምትፈሰው ቀጭን ውሃ የፓምፑን ጤና ትነግረናለች።

ይህችን ጎማ ጣና ክፉኛ ይፈትናታል። ግልገል ዓባይ፣ ርብና ጉማራ በክረምት ይዘውት የሚገቡት ደለል ክንፎቿን ይሞርዳል፤ የምትዞርበትን ቤትም ይቧጭራል። እምቦጭ ወይም ሣር የውሃ መግቢያውን ሲደፍነው ደግሞ ፓምፑ በደረቁ ይዞራል። ጎማዋን የሚያለሰልሳት ራሱ ውሃው ስለሆነ፣ በደረቁ ስትዞር አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ልትቃጠል ትችላለች።

ውሃዋ ስትቀጥን መጀመሪያ የመውጫዋን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ እጠርጋለሁ፤ ጭቃ ብቻ ዘግቶት ሊሆን ይችላልና። ካልተስተካከለ የካንዴላውን ገመድ እነቅላለሁ፣ የማርሹን ዘንግ አላቅቃለሁ፣ ብሎኖቹን ፈትቼ እግሩን ቀጥ አድርጌ ወደ ታች አወጣዋለሁ። የፓምፑ ክዳን ሲነሣ ጎማዋ ትታያለች። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ወጣት ባለ ጀልባ «ጋሼ፣ እንግዶቼ ወደቡ ላይ እየጠበቁኝ ነው፤ ጎማዋን ብቻ ቀይርልኝ» አለኝ። በቅርቡ ሌላ ቦታ አስቀይሮ ነበር፤ ሞተሩ ግን መሞቁን አልተወም። ከፍቼ ሳያት ጎማዋ አዲስ ናት፤ ስድስቱም ክንፎቿ ሙሉ ናቸው። ስለዚህ ችግሩ ከፓምፑ በላይ መሆን አለበት። ቴርሞስታቱን ስፈታ ሁለት የጎማ ቁራጮች ተወትፈው አገኘሁ፤ የቀድሞዋ ጎማ ክንፎች ነበሩ። አሮጌዋን ያወጣው ሰው የጎደሉት ክንፎች የት እንደገቡ አልጠየቀም። አዲሷ ጎማ በጉልበቷ ቁራጮቹን ወደ ላይ ገፍታ የውሃውን መንገድ ዘጋችው።

ለዚህ ነው አሮጌዋን ጎማ ከመጣሌ በፊት ክንፎቿን የምቆጥረው። ከስድስት አራት ከቀሩ ሁለቱን እፈልጋለሁ፦ በፓምፑ ቤት፣ በቱቦው፣ በቴርሞስታቱ። ቱቦውን ከላይ ወደ ታች በውሃ አጥባለሁ። ከጎማዋ ጋር ጓርኒሲዮኑን እቀይራለሁ፤ ቤቱና የሥሩ ሳህን ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለባቸው እነሱንም። በተቧጨረ ቤት ውስጥ አዲስ ጎማ ዕድሜ የላትም።

ስገጥም ጎማዋን የሚያዞረው ዘንግ ላይ ያለችው ትንሿ ቁልፍ በቦታዋ መሆኗን አያለሁ፤ እሷ ከወደቀች ዘንጉ ብቻውን ይዞራል፣ ጎማዋ ትቆማለች። ጎማዋን በሳሙና ውሃ አርሼ፣ ዘንጉን ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ እያዞርኩ ወደ ቤቷ አስገባታለሁ፤ ክንፎቹ የሚተኙት እንዲህ ሲሆን ነው። የዘንጉን ጥርሶች ግራሶ እቀባለሁ፤ አናቱን ግን አልነካም፤ እዚያ የተጠራቀመ ግራሶ እግሩ በትክክል እንዳይገጥም ያደርጋል። በመጨረሻ ሞተሩን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አስነሥቼ ውሃዋ በኃይል መፍሰሷን፣ ማርሹም ወደፊትና ወደኋላ መግባቱን አረጋግጣለሁ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ እንግዶች እየጠበቁ ከሆነ ደግሞ ይከብዳል። ነገር ግን ሞተር ሐይቁ መካከል ሲቆም፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ፣ በጀልባው ላይ ያሉት ዘጌን ለመሳለም የሚሄዱ እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ባለ ጀልባዎችን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ፓምፑን እስኪሰበር አትጠብቁ፤ ደለሉ ሲሰክን፣ በጥቅምት፣ በየዓመቱ አስፈትሹት። ባስቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ አሮጌዋን ጎማ ተቀበሉና ክንፎቿን ራሳችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልሞላ የጎደለው የት እንደገባ መካኒኩን ጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ሥራው አላለቀምና ሰው አታሳፍሩበት።