ጦሙን ያደረ ጓሮ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ግርጌ ለወጣም ሆነ ወደ ኮተቤና ካራ ለዞረ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ጦሙን ያደረ መሬት አይታጣም። ከቤት ጀርባ ያለ ጓሮ፣ የትምህርት ቤት ግቢ ጥግ፣ በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል የተረሳ ቦታ፤ ሳማና እንግጫ ወርሶት፣ ፌስታልና የግንባታ ፍርስራሽ ተጥሎበት ይከርማል። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለውን ቦታ የማልማት ፍላጎት መነሳሳቱ ደስ ይላል። ችግሩ ብዙ ሰው ዶማ የሚያነሳው ሰኔ ላይ፣ ዝናብ ሲጥል መሆኑ ነው። መትከል የክረምት ሥራ ነው፤ ዳዋ የዋጠውን መሬት ማጽዳት ግን የበጋ ሥራ ነው።

ዋናው ምክንያት ሰርዶ ነው። ሰርዶ ከመሬት በታች የሚሳብ ግንድ አለው፤ በግንዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ አንጓ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ክረምት ላይ በዶማ ከቆራረጡት ቁራጩ ሁሉ በእርጥቡ አፈር ላይ ይጸድቃል፤ አንዱን አሥር ማድረግ ማለት ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ፀሐይ ታግዛለች። በመጀመሪያ ከላይ ያለውን በማጭድ ማጨድ፣ ቀጥሎ ዶማውን ጠለቅ አድርጎ ጓሉን ሳይፈጩ መገልበጥ፣ ከዚያ ጓሉን በእጅ እየፈረፈሩ ያንን ነጭ፣ ገመድ መሳይ ሥር መልቀም ነው። የተለቀመው በድንጋይ ወይም በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ፣ ሲሰብሩት ቀጭ እስኪል ይድረቅ። እንግጫም እንዲሁ ነው፤ ግን ፍሬ የሚመስለው ሥሩ ጠልቆ ስለሚቀር በሚቀጥለው ዓመትም ብቅ ማለቱ አይቀርም።

ሳማ የበዛበት ጥግ ሲገኝ ግን ደስ ይበላችሁ። ሳማ የሚወደው ፍግ የተጣለበትን፣ ከብት የታሰረበትን ለም አፈር ነው። እኔ የምመክረው የመጀመሪያውን መደብ እዚያ እንድትሠሩ ነው። ሙሉውን ቦታ በአንድ ዓመት ማጽዳት አያስፈልግም፤ የቀረው በካርቶን ወይም በአሮጌ ሸራ ተሸፍኖ ብርሃን አጥቶ ይቆይ።

የእንጦጦ ሥር ነዋሪ ከሌላው ሰፈር የተለየ አንድ ፈተና አለበት፤ ባሕር ዛፍ። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ የከተማዋን የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ችግር ለማቃለል ከውጭ መጥቶ ነው ተራራውን ያለበሰው። ለጓሮ ግን ከባድ ጎረቤት ነው፤ ሥሩ እርጥበቱን ቀድሞ ይመጥጣል፣ ቅጠሉም በአጠገቡ የሚዘራውን ያቀጭጫል። ከተቆረጠ በኋላም ጉቶው ያቆጠቁጣል። ጉቶውን ነቅሎ ማውጣት ካልተቻለ ቡቃያውን ገና ለጋ ሳለ ደጋግሞ መስበር ያደክመዋል። ዛፉ የጎረቤት ከሆነ ደግሞ በድንበሩ ላይ ጉልበት ድረስ የሚጠልቅ ቦይ ቆፍሮ ወደ መደቡ የሚመጣውን ሥር መቁረጥ ይጠቅማል፤ ሥሩ ስለሚመለስ ቦዩን በየዓመቱ ማደስ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በራስ ይዞታ ላይ ነው። የእንጦጦን ደንና ፓርክ መንካት አይቻልም። ባለቤቱ ያልታወቀ ክፍት ቦታም ቢሆን ወረዳው ውስጥ ካለው የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሳይጠየቅ ዶማ አይነሳበትም።

መደቡ ተዳፋቱን አግድም ይቁረጥ። ቁልቁል የተሠራ መደብ በሐምሌ ዝናብ አፈሩን ይዞ ወደ ቀበና ወንዝ ይወርዳል። ከመሬቱ የተለቀመውን ድንጋይ በመደቡ ታችኛው ጠርዝ መደርደር ትንሽ እርከን ይሆናል። ሜዳው ላይ፣ ጥቁር አፈር ባለበት ደግሞ፣ ጭንቀቱ ውኃ መተኛቱ ስለሆነ መደቡን 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ይገባል።

አፈሩን የሚመልሰው ኮምፖስት ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ዘር ያልያዘ የታጨደ ሣር፣ ደረቅ ቅጠልና ጥቂት አመድ በየተራ ተነባብሮ፣ በአፈር ተሸፍኖ፣ እርጥበቱ ተጠብቆና አልፎ አልፎ ተገላብጦ ቢያንስ ሦስት ወር ይፈልጋል፤ በብርዱ ሰፈር ከዚያም ይቆያል። ጥር ላይ ከተከመረ ለሰኔ ይደርሳል። የሰርዶ ሥርና የባሕር ዛፍ ቅጠል አይግባበት። ላም ከሚያረባ ጎረቤት የሚገኘው ፍግም ትኩሱን ከተጨመረ ችግኙን ያቃጥላል፤ እስኪበስል ይጠበቅ።

ቀሪው የከፍታ ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ በአማካይ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ይጠጋል፤ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ እንኳ ብርዱ ይለያያል። ከፍ ባለው ሰፈር ቲማቲም ልፋቱን አይከፍልም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ግን ብርዱን ለምደውታል። ካሮት ማዛወር ስለማይወድ እዚያው መደቡ ላይ ይዘራል። ድንች በክረምት ያምራል፤ ዳሩ ግን ጉም ሲደጋገም ዋግ ቅጠሉን በጥቂት ቀናት ያጠቁረዋል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም አይምረውም። ለጀማሪ ጎመን ይሻለዋል። 1 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ መደብ በሁለት መስመር፣ በ40 ሳንቲሜትር ርቀት 24 እግር ጎመን ይይዛል። ከዳር ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ይግቡ።

ውኃ ላይ አደራ። ከተማ አቋርጦ ቆሻሻና ፍሳሽ የተቀላቀለበት የወንዝ ውኃ በምንም መልኩ ለጓሮ አትክልት አይሁን፤ በተለይ ጥሬውን ለሚበላው ሰላጣ። የክረምቱን ዝናብ ከጣሪያ በአሸንዳ ወደ በርሜል ማጠራቀም፣ ዕቃ የታጠበበትን ሳሙና የሌለውን ውኃም ለመደቡ ማቆየት ይቻላል። ጋራዥ ወይም የቆሻሻ መጣያ በነበረ ቦታ ደግሞ መሬቱ ላይ ከመትከል ንጹሕ አፈር በጆንያ ሞልቶ መትከል ይመረጣል።

ጎመኑ ከተተከለ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ለድስት ይደርሳል። ሲቀጠፍ ከሥር ካለው ቅጠል ይጀመር፤ ልቡ ካልተነካ ለወራት ይሰጣል። ክሽክሽ ከቅጠሉ ጀርባ ሲሰፍር በጠዋት በእጅ መደምሰስና በውኃ ማጠብ ቀደም ካሉበት ይበቃል። ዝናቡ አልፎ መሬቱ ሲጠነፍፍም ካርቶኑን ከሚቀጥለው ቁራሽ ላይ አንስታችሁ፣ ታኅሣሥ ላይ ሰርዶውን መልቀም ትጀምራላችሁ።