ሞረድ፣ ሳሙናና የናስ ሽቦ

የእንግሊዟ ኖቲንግሃምና አካባቢዋ የጥቃቅን ብረት ምስሎች ማዕከል ናቸው። ሲታደልና ፔሪን የመሰሉ አምራቾች የበቀሉት እዚያ ነው። ለጦርነት ጨዋታ የሚሠሩት እነዚህ ወታደሮች ብዙውን ጊዜ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ለገዢው የሚደርሱትም ያለ ቀለም ነው። ቀለም መቀባቱ ስም ያወጣል እንጂ ምስሉን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ነው።

ምስሉ የሚወጣው ቆርቆሮ የሚበዛበት ቅይጥ ቀልጦ በሚሽከረከር የጎማ ሞልድ ውስጥ ሲፈስ ነው። ሽክርክሪቱ ፈሳሹን እስከ ጣት ጫፍ ድረስ ይገፋዋል። ሞልዱ ግን ሁለት ግማሽ ስለሆነ በመጋጠሚያው በኩል ከቆብ እስከ ጫማ የሚዞር ስስ መስመር ይቀራል፤ አየር የወጣባቸው ቀዳዳዎችም ቀጫጭን ጭራ ይተዋሉ።

ጭራው በመቁረጫ ይነሳል፣ ችግር የለውም። አስቸጋሪው መስመሩ ነው፤ በሚያብለጨልጭ ብረት ላይ አይታይም፣ ቀለም ሲያርፍበት ግን በጉንጭ ላይ እንዳለ ጠባሳ ይወጣል። ስለዚህ መብራቱን ከጎን አድርጎ ምስሉን ማገላበጥ፣ በጥፍርም መዳሰስ ያስፈልጋል። ሰፊውን ቦታ ቀጭን ሞረድ ይበቃዋል። ፊትን ግን በሞረድ መንካት አፍንጫ ማጥፋት ነው፤ በምላጭ ጫፍ ቀስ ብሎ መፋቅ ይሻላል። ብረቱ ለስላሳ በመሆኑ የሞረዱን ጥርስ ስለሚደፍን በየጊዜው በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል።

የድሮ ምስል ከሆነ ጥንቃቄ ይጨመር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ አምራቾች ከመተዋቸው በፊት ቅይጡ እርሳስ ነበረበት። ብናኙ እንዳይተነፈስ እያረጠቡ መሞረድ፣ ምግብን ከጠረጴዛው ማራቅ፣ እጅን መታጠብ ግድ ነው። (እንዲህ ያለውን ምስል በኦክ ቁም ሳጥን ማስቀመጥም አይመከርም፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ እርሳሱን ነጭ ዱቄት ያደርገዋል።)

ተለይቶ የመጣ ክንድ በሱፐር ግሉ ብቻ አይታመንም፤ ብረት ከባድ ነው፣ ምስሉ ሲወድቅ ይነቀላል። በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ሁለቱንም ወገን በስቶ የናስ ሽቦ ማስገባት ነው መፍትሔው። ቀዳዳዎቹ እንዲገጥሙ አንዱ ወገን ከተበሳ በኋላ አፉ ላይ ጠብታ ቀለም አድርጎ ክንዱን መግጠም ነው፤ ቀለሙ የቀጣዩን ቦታ ምልክት ይተዋል። ጦርም እንዲሁ ነው። ከምስሉ ጋር አብሮ የወጣ ጦር በትንሽ ነገር ይጣመማል። የአድዋን ጦርነት ምስሎች የሚያወጡ አምራቾች አሉና፣ የእኛን ጦረኛ የሚያዘጋጅ ሰው መዳፉን በስቶ ጫፉ የተጠፈጠፈ ሽቦ ቢያስይዘው ቀጥ ያለ ጦር ያገኛል። የቀረ ክፍተት ካለ ሰማያዊና ቢጫ ተለውሶ አረንጓዴ በሚሆነው የኤፖክሲ ሊጥ ይደፈናል፤ የሚደፍኑበት መሣሪያ ካልረጠበ ግን ሊጡ ተጣብቆበት ይነሳል።

ከዚያ እጥበት። ምስሉ እንዳይጣበቅ ሞልዱ ላይ የሚነሰነሰው ዱቄትና የእጅ ወዝ ካልለቀቁ ቀለም አይዝም፤ ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃሉ። በደንብ ሲደርቅ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀድመው መነሻ ቀለም፣ ፕራይመር፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስስ ተደርጎ ይረጫል። እርጥበት በበዛበት ቀን የተረጨ ፕራይመር ሻካራ ሆኖ ሊቀር ይችላልና ቢዘገይ ይሻላል። በእኔ ምርጫ ግራጫው ይበልጣል፤ ጥቁሩ ጉድለትን ይሸፍናል፣ ግራጫው ግን ያመለጠውን መስመር ያሳያል። ያን ቦታ ብቻ ፍቆ፣ አጥቦ፣ እንደገና መርጨት ነው።