በቀዶ ሕክምና መካከል ምስል የሚያነሡ መሣሪያዎች፤ ጥቅማቸውና ወጪያቸው

በንግድ ሥራ የቈየ ሰው የዓመቱን ሒሳብ ከመዝጋቱ በፊት ወደ መጋዘኑ ገብቶ የቀረውን ዕቃ ይቈጥራል። በመዝገብ አልቋል የተባለው ዕቃ ከመደርደሪያው ኋላ ተገኝቶ የሚያስገርምበት ጊዜ አለና። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ግን ለብዙ ዘመን እንዲህ ያለ ቈጠራ ሳያደርጉ ሥራቸውን ለመዝጋት ይገደዱ ነበር። ይህን ችግር ለማቃለል የተሠሩት መሣሪያዎች በዓለም የሕክምና ዕቃዎች ንግድ ውስጥ እጅግ ውድ ከሚባሉት ወገን ስለ ሆኑ፥ የሚሰጡትን ጥቅምና የሚጠይቁትን ወጪ አመዛዝኖ ማወቅ ለአስመጪ ሁሉ ይበጃል።

ፒቱታሪ የሚባለው ዕጢ ከአንጎል ሥር፥ ከአፍንጫ በስተኋላ በአጥንት ጕድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሲሆን መጠኑ ከሽምብራ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ይሁን እንጂ የሰውነትን እድገትና የሌሎችን ዕጢዎች ሥራ የሚያዝዘው እርሱ ነው። በዚህ ዕጢ ላይ የሚነሣው እባጭ አብዛኛውን ጊዜ ነቀርሳ አይደለም፤ ሆኖም ጕዳቱ ቀላል አይባልም። አንዱ ዐይነት የእድገት ሆርሞንን ከመጠን በላይ እያመነጨ የአዋቂውን ሰው እጅና እግር ያገዝፋል፤ ቀለበቱ ይጠብበታል፥ የጫማውም ቍጥር ይጨምራል። ሌላው ደግሞ ወደ ላይ እያደገ የዓይንን ነርቮች በመጫን በግራና በቀኝ ዳር ያለውን እይታ ይጋርዳል።

ይህን እባጭ በአፍንጫ በኩል ገብቶ በማውጣት ቀዳሚው ሔርማን ሽሎፈር ሲሆን፥ ይህም በኦስትሪያ በኢንስብሩክ ከተማ በ1907 ዓ. ም. የተፈጸመ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አሜሪካዊው ሐርቪ ኩሺንግም ይህን መንገድ አሻሽሎ ብዙ ከሠራበት በኋላ ትቶት የራስ ቅልን ከፍቶ መሥራትን መረጠ፤ ብዙዎቹም ተከተሉት። ጥበቡ ጨርሶ ያልጠፋው ከኩሺንግ ዘንድ የተማረው የኤዲንብራው ኖርማን ዶት አጥብቆ ስለ ያዘው ነው። ከዶት የፓሪሱ ዤራር ጊዮ፥ ከጊዮም የሞንትሪያሉ ዡል ሃርዲ ተማሩ። ጊዮ የመሣሪያውን ጫፍ በራጅ እየተከታተለ ሠራ፤ ሃርዲ ደግሞ በ1960ዎቹ ዓመታት ማይክሮስኮፕን ጨመረበት።

ነገር ግን ራጅ አጥንትንና ብረትን ቢያሳይም ለስላሳውን እባጭ ከጤነኛው አካል ለይቶ አያሳይም። ማይክሮስኮፕም የሚያሳየው በፊቱ ያለውን ብቻ ነው። ትልቅ እባጭ ሲወጣ በላዩ ያለው ሽፋን ወደ ታች ስለሚወርድ የተረፈው ቍራጭ ከእጥፋቱ ኋላ ይሰወራል። በሽተኛውም ድኛለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ከሄደ ከወራት በኋላ በሚነሣው ምስል ትርፉ ይገኝና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ወይም የጨረር ሕክምና ይታዘዝለታል።

በ1994 ዓ. ም. በቦስተን ከተማ የብሪገም የሴቶች ሆስፒታል ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ጋር በመተባበር አዲስ መሣሪያ ሥራ ላይ አዋለ። ይህም በማግኔት ኃይል ምስል የሚያነሣው ኤም አር አይ ሲሆን፥ በሁለት ቀለበቶች ተከፍሎ ሐኪሙ በመካከላቸው ቆሞ እንዲሠራ ሆኖ የተሠራ ነበር። ከዚያም በኋላ ልዩ ልዩ ዐይነቶች ተከተሉ። በካናዳ በካልጋሪ የተጀመረው ማግኔቱ በጣሪያ ሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ወደ በሽተኛው የሚመጣበት ነው። በእስራኤል የተሠራው ፖልስታር ደግሞ ከአልጋው ሥር የሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ የመጀመሪያው ዐይነት ኃይል 0.12 ቴስላ ብቻ ስለ ነበረ ምስሉ 1.5 ቴስላ ካላቸው ትላልቆቹ ጋር አይወዳደርም ነበር፤ ነገር ግን በተለመደው የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለመሥራት የሚያስችል ነበር።

የጥቅሙን ልክ ለመረዳት በጀርመን አገር በኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሐኪሞች በ2006 ዓ. ም. ያወጡትን ውጤት መመልከት ይበቃል። እባጫቸው በሙሉ ሊወጣላቸው ከታሰበው 85 በሽተኞች መካከል ምስሉ በተነሣበት ሰዓት ሥራው ተፈጽሞ የተገኘው በ49ኙ ብቻ ነበር። ሐኪሞቹ ትርፉን በምስሉ አይተው እንደ ገና ገብተው ስለ ሠሩ ቍጥሩ ወደ 70 ከፍ አለ። ይህም ማለት 21 ሰዎች ትርፍ እባጭ በውስጣቸው እያለ ከመሸኘት ዳኑ ማለት ነው።

ወጪው ግን ከዚህ ጋር ይታያል። ትልቁ መሣሪያ ከነክፍሉ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ያስወጣል። ክፍሉ የራዲዮ ሞገድ እንዳይገባበት በመዳብ ወይም በመሰለው ብረታ ብረት ይለበጣል፤ ማግኔቱ ብረትን በኃይል ስለሚስብ በአጠገቡ የሚያገለግሉት መቀሶችና መቈንጠጫዎች ከቲታኒየምና ከመሳሰለው መሠራት አለባቸው። አብዛኞቹ ትላልቅ ማግኔቶች ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ሄሊየም ይጠበቃሉ። የቀዶ ሕክምናውም ጊዜ ይረዝማል፤ በቍስሉ ውስጥ የቀረ ደም እባጭ መስሎ ሐኪሙን የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። በዚህም ላይ ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ የተስፋፋው፥ በቀጭን ቱቦ ጥጋጥጉን የሚያሳየው ኢንዶስኮፕ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ከሥራው ከፊሉን ስለሚፈጽም፥ ብዙ ሆስፒታሎች እርሱን ይመርጣሉ።

ገዢ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ። የካልጋሪውን ዐይነት መሣሪያ ለገበያ ያቀረበው ኢምሪስ የተባለው ኩባንያ በ2015 ዓ. ም. በአሜሪካ ፍርድ ቤት የኪሣራ ሕግ ጥበቃ ጠየቀ። ሥራው በሌላ ባለ ገንዘብ እጅ ቢቀጥልም፥ ኩባንያ ቢወድቅ መለዋወጫውን ማን ያቀርባል የሚለው ጥያቄ ከግዢው ውል አስቀድሞ መነሣት እንዳለበት ነገሩ ያስተምራል።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ከዋጋው ዝርዝር ይልቅ ሄሊየሙን፥ ባለሙያውንና መለዋወጫውን አስቀድሞ ቢመረምር ራሱንም ሆስፒታሉንም ይጠቅማል። መሣሪያው ትርፉን ያሳያል እንጂ አያወጣውም፤ የሚያወጣው የሐኪሙ እጅ ነው። ሆኖም ቈጠራው ሒሳቡ ሳይዘጋ በመደረጉ ምክንያት እይታው የተመለሰለት ሰው ባለበት ቤት ውስጥ፥ ወጪው በከንቱ የፈሰሰ ነው የሚል አይገኝም።