ስሙና ሚሊግራሙ

ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደው አስፋልት መቂን፣ ባቱንና አርሲ ነገሌን አልፎ ሻሸመኔ ይገባል። የሻሸመኔ ስም ሲነሳ ካናቢስም አብሮ ይነሳል። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ከባሕር ማዶ ለሚመለሱ ጥቁሮች 5 ጋሻ መሬት ሰጥተው ነበር፤ እዚያ የሰፈሩት ራስተፈሪያኖች ቅጠሉን በዋናነት የሚያጨሱት ለአምልኮ ነው። ተክሉ ግን አገር የገባው ከእነሱ እጅግ ቀድሞ ነው፤ ጣና ሐይቅ አካባቢ ካለ ዋሻ በቁፋሮ የወጡ፣ እ.ኤ.አ. የ1320 ግድም ናቸው ተብለው የሚገመቱ የሸክላ ማጨሻዎች የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል።

አሁን ደግሞ በመድኃኒትነት ስም ይወራለታል። ዴንቨር ወይም ዋሽንግተን ያለ ዘመድ አዳማ ለሚኖር የሚጥል በሽታ ታማሚ ደውሎ «ይኼኛው ዝርያ ፍቱን ነው» ይለዋል። አገር ቤት ነገሩ ከሕግ ይጀምራል፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 መሠረት ማብቀሉም፣ ማዘዋወሩም፣ መጠቀሙም ወንጀል ነው። በሕግ የሚሸጥበት ቦታ ስለሌለ «የሻሸመኔ ነው» የተባለውን ዕቃ መርምሮ በውስጡ ያለውን የሚናገር አካልም የለም።

ተክሉ ከመቶ በላይ ካናቢኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ለታማሚው ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። ቲ ኤች ሲ የሚያሰክረው ነው፤ ከካንሰር ሕክምና የሚመጣን ማቅለሽለሽ ያስታግሳል፣ የአእምሮ ሕመም በቤተሰቡ ያለበትን ሰው ግን ለከፋ ነገር ሊያጋልጥ ይችላል። ሲ ቢ ዲ አያሰክርም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የፈቀደው ኤፒዲዮሌክስ የተባለው ሽሮፕ የተጣራ ሲ ቢ ዲ ነው፤ የተፈቀደውም ከባድ ለሆኑ ሁለት የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነበር። በሙከራው ከሁለቱ አንዱ የሆነው ድራቬት ሲንድረም ያለባቸው ልጆች የወር መንቀጥቀጥ መካከለኛ ቁጥር ከ12.4 ወደ 5.9 ወረደ። ጥሩ ውጤት ነው፤ ግን ልጆቹ የቀደመ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ የተገኘ ነው፤ ወሬው ደግሞ ይህን ብዙ ጊዜ ይዘለዋል።

ስለ ዝርያ ስም እኔ ግምቴ ዝቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከኮሎራዶ፣ ከካሊፎርኒያና ከዋሽንግተን ግዛት 122 ናሙናዎችን በዘረመል መርምሮ፣ አንድ ስም ይዘው የሚሸጡ ተክሎች እርስ በርሳቸው ሲለያዩ አግኝቷል። ስለ ተክሉ ሁለት ዓይነቶች «ኢንዲካ ያስተኛል፣ ሳቲቫ ያነቃቃል» የሚባለውም ከኬሚስትሪው ጋር እምብዛም አይገጥምም። ሕጋዊ መሸጫ ባለበት አገር የሚታከም ወገናችን መጠየቅ ያለበት የሚገዛትን የዘይት ጠርሙስ የምርት ቁጥር የያዘ የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ በሚሊግራም ስንት ቲ ኤች ሲ፣ ስንት ሲ ቢ ዲ እንዳላት፣ ፀረ ተባይና ሻጋታ እንደተመረመረባት የሚያሳይ። የሰውነት መከላከያው ለደከመ ሰው ሻጋታው ከሁሉ ይብሳል። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ብቻ ማመንማ አይሆንም፦ እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንተርኔት ተገዝተው ከተመረመሩ 84 የሲ ቢ ዲ ምርቶች ይዘታቸው ከጽሑፋቸው የገጠመው 26ቱ ብቻ ናቸው፤ 18ቱ ደግሞ ቲ ኤች ሲ ነበረባቸው።

ሒሳብም መሥራት ያስፈልጋል። የኤፒዲዮሌክስ የተለመደ መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን 10 ሚሊግራም ነው ብንል፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 200 ሚሊግራም ይወስዳል። ባለ 300 ሚሊግራም ጠርሙስ ሁለት ቀን አያደርሰውም። ሻጩ «በቀን ሁለት ጠብታ» ካለ ልጁ የሚወስደው በጥናቱ ከተሞከረው ጋር አይቀራረብም።

ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨቱን ደግሞ ሐኪም ሊያውቀው ይገባል። ሲ ቢ ዲ ከሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ቫልፕሮይክ አሲድ ጋር ሲወሰድ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ሊል ይችላል፤ የልብ ቫልቭ ተቀይሮላቸው ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎችን ደም ከሚፈለገው በላይ ሊያቀጥን ይችላል። የወሰደ ሰው ቢያፍርም፣ ቢፈራም የወሰደውን ነገር፣ መጠኑንና የጀመረበትን ቀን ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ የትኛው የደም ምርመራ እንደሚታዘዝ የሚወስነው ይኸው ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ፌኖባርቢታልን በድንገት አቁሞ በሲ ቢ ዲ ዘይት መተካት ግን ፋታ የማይሰጥ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ከሆነ ታማሚው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።