ሳተላይት የምታየው ደመና፣ ገበሬው የሚጠብቀው ዝናብ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1960 ያመጠቀቻት ቲሮስ 1 የተባለች ሳተላይት የሠራችው 78 ቀን ብቻ ነበር። ደመናን ከህዋ ሆኖ መከታተል እንደሚቻል ለማስመስከር ግን ያ በቂ ሆነ። የእኛን አህጉር ከላይ የሚቃኙት በዋናነት የአውሮፓ ሜቴኦሳት ሳተላይቶች ናቸው። የመጀመሪያዋ የመጠቀችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በላይ፣ በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ አንድ ቦታ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የመጠቀችው የሦስተኛው ትውልድ ሳተላይት አፍሪካንና አውሮፓን በየ10 ደቂቃው ፎቶ ታነሳለች።

ይሁንና ከዚያ ከፍታ ዝናብ አይታይም። የሚታየው የደመናው አናት ነው። መሣሪያው ከደመናው የሚወጣውን ታሕተ ቀይ ጨረር ይለካል፤ ከዚያም የአናቱ ቅዝቃዜ ይታወቃል። ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ሽቅብ ስለሚያድግ አናቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይቀዘቅዛል። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እንዲህ ያለው ደመና በአንድ ቦታ ስንት ሰዓት እንደቆየ ይቆጥሩና፣ መሬት ላይ ከተለካው ጋር አመሳክረው የዝናቡን መጠን ይገምታሉ።

ችግሩ የሚመጣው ከመልክዓ ምድራችን ነው። በደጋው፣ እርጥበት ያዘለ ነፋስ ተራራ ሲወጣ ዝቅ ካለና አናቱ ብዙም ካልቀዘቀዘ ደመና ጭምር ዝናብ ይጥላል፤ ግምቱ ይህን ያሳንሰዋል። በደረቁ ቆላ ደግሞ ከደመናው የወረደው ጠብታ መሬት ሳይደርስ ይተናል፤ ግምቱ ያልዘነበውን ዘነበ ይላል።

የስህተቱ ዳፋ ማን ላይ እንደሚወድቅ ትግራይ ውስጥ ያለችው የአዲ ሓ መንደር ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2009 በዚያ 200 አባወራዎች የዝናብ እጥረት መድን ገቡ። የካሳው መነሻ የማሳው ምርት አልነበረም፤ የሳተላይት የዝናብ ግምት ነበር። አሠራሩ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ማሳ ለማሳ የሚዞር ገማች አያሻውም። ነገር ግን ግምቱ "ዘንቧል" ካለ፣ ጤፉ የደረቀበት ገበሬ ባዶ እጁን ይቀራል። በዚህ ምክንያት ውሉን ያዘጋጁት ሰዎች፣ ከግምቱ ጋር ለማመሳከር፣ ክፉ ዓመታት የትኞቹ እንደነበሩ ገበሬዎቹን ራሳቸውን ጠይቀዋል።

መፍትሔው የሳተላይቱንና መሬት ላይ የሚለካውን መረጃ ማጋባት ነው። የሀገራችን የሜትሮሎጂ ተቋም፣ ኢትዮጵያዊው የአየር ንብረት ሳይንቲስት ዶክተር ቱፋ ዲንቁ ከሚሠሩበት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ የጣቢያዎችን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕዶ ከ30 ዓመት በላይ የሚሸፍን መረጃ አዘጋጅቷል። ጣቢያ የሌለው ወረዳ ሳይቀር አሁን የዝናብ ታሪክ አለው።

ሆኖም የዚህ ሥራ ምሰሶ መሬት ላይ ያለው ጣቢያ ነው። ጣቢያዎቻችን የሚበዙት በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር ነው፤ አርብቶ አደሩ የሚኖርበት ቆላ በጣቢያ የሳሳ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የዝናብ መለኪያውን አንብቦ የሚመዘግብ ታዛቢ ሥራውን ካቆመ፣ የሳተላይቷን ግምት የሚያርም የለም።

ስለዚህ በጀት የሚመድቡ ሁሉ ለአዳዲስ የሳተላይት መረጃ መቀበያዎች የሚሰጡትን ትኩረት ለእነዚህ ጣቢያዎችም ይስጡ። የታዛቢው አበል በወቅቱ ይከፈል፤ የተሰበረው መለኪያ ይጠገን፤ ቆላው ጣቢያ ያግኝ። የየአካባቢው ነዋሪም መለኪያውን እንደ ራሱ ንብረት ይጠብቀው፤ በክፉ ዓመት ስለ እርሱ የሚመሰክርለት ያ መለኪያ ነውና።