ቡናማው ኒውክለስ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙ በማይርቀው ላቦራቶሪያችን ከሚደርሱን ናሙናዎች ሁሉ እጄን የሚከብደኝ የሕፃናት ዕጢ ነው። ብዙ ጊዜ ከክፍለ ሀገር ይመጣል፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ለመንገድ ምልክት የነበሩት ሱቆች ስለጠፉ፣ የፎርማሊኑን ዕቃ በፌስታል ይዘው ሲጠይቁ የሚረፍድባቸው አባቶች አሉ።

በማይክሮስኮፕ ስር ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ፤ ትናንሽ፣ ክብ፣ ሰማያዊ ሴሎች ናቸው። ሊምፎማም ይሁን ኒውሮብላስቶማ ወይም የጡንቻ ጠባይ ያለው ራብዶማዮሳርኮማ እንዲህ ሊታይ ይችላል፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። የምንለያቸው ሴሉ የትኛውን ዘረ መል እያነበበ እንደሆነ በማየት ነው፤ ይህንንም ከዘረ መሉ የተሠራውን ፕሮቲን ቡናማ አድርጎ በሚያሳይ ማቅለሚያ እናያለን።

እ.ኤ.አ. በ1987 ሃሮልድ ዌይንትራውብና ባልደረቦቹ ሲያትል ውስጥ ማዮዲ የተባለ አንድ ዘረ መል ብቻ አስገብተው የአይጥ ፋይብሮብላስት ሴሎችን ወደ ጡንቻ ቀየሩ። ማዮዲ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ነው፤ ከአጋር ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጥና የጡንቻ ዘረ መሎችን ያስነብባል። ማዮጄኒን የተባለውን ሌላ ዘረ መል ይቀሰቅሳል፤ ማዮጄኒንም ሜፍ2 ከተባለ ፕሮቲን ጋር ሥራውን ይጨርሳል። ሴሉ መከፋፈል አቁሞ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሐዳል፣ ማዮሲንና አክቲን ያመርታል። ማዮጄኒን የሌላቸው አይጦች የጡንቻ እርሾ ሴሎች እያሏቸው በቂ ጡንቻ ሳይሠሩ፣ እንደተወለዱ ይሞታሉ።

ራብዶማዮሳርኮማን ሳይ የሚያብሰለስለኝ ይህ ነው። ሴሉ ማዮዲም ማዮጄኒንም አለው፤ ጡንቻ እንዲሆን ታዟል፤ መከፋፈሉን ግን አያቆምም። አልቪዮላር በተባለው ዓይነት ብዙውን ጊዜ የ2ኛውና የ13ኛው ክሮሞሶም ቁራጮች ተገጣጥመው የወለዱት ፓክስ3-ፎክስኦ1 የተሰኘ ድቅል ፕሮቲን ሴሉን ከመንገድ ያስቀረዋል። ማዮጄኒን በዚህ ዓይነት በአብዛኛው ሴል ላይ ደምቆ ይታያል፤ ኤምብሪዮናል በሚባለው ግን እዚህም እዚያም ነው።

ለወጣት ባልደረቦቼ አጥብቄ የምነግራቸው አለ። እነዚህ ፕሮቲኖች የሚሠሩት ዲኤንኤው ላይ ስለሆነ የሚቆጠረው ኒውክለሱ ቡናማ ሲሆን ብቻ ነው፤ በዙሪያው የፈሰሰ ቀለም ማስረጃ አይሆንም። ዕጢው የጎዳው ጤነኛ ጡንቻም ራሱን ሲጠግን ማዮጄኒን ስለሚያወጣ ዳር ላይ ያለ ቡናማ ኒውክለስ ያሳስታል። ቸኩሎ የሚፈርድ ያልታመመውን ሴል ካንሰር ይለዋል።

ማቅለሚያው ከውጭ ይገባል፣ ውድ ነው፣ በየላቦራቶሪውም አይገኝም። እንደ ቅንጦት መታየቱ ግን አይዋጥልኝም። ለልጁ የትኛውን ኬሞ እንደሚሰጥ የሚወስነው ሐኪም የሚጠብቀው ይህንኑ ውጤት ነውና ከፎርማሊኑና ከፓራፊኑ እኩል በመጀመሪያው የግዢ ዝርዝር መስፈር አለበት።